ሳብን ማን ገደላት?

መዝገቡ ግልጽ ነው። ሳብ የተባለው የስዊድን መኪና አምራች ዲሴምበር 19 ቀን 2011 ፍርድ ቤት ቀርቦ «ከስሬያለሁ» አለ። ፍርድ ቤቱም በዚያው ዕለት ተቀበለው። (ታሪኩ የፈረንጅ ስለሆነ ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ከስልሳ ዓመት በላይ መኪና ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ በአንድ ቀን ወረቀት ተዘጋ።

እኛ ግን ይህን የሞት ቀን አንቀበልም። ያ የቀብሯ ቀን ነው። ሞቷ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ገዳይዋም አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ የገዛት ነው። ሌላው ደግሞ… የሚወዳት ነው! አዎ፣ የሚወዳት። እንዴት እንደሆነ እስቲ አብረን እንየው።

ስሟ ሳብ፣ ሥራዋም መሳብ

መቼም አዲስ አበባ ላይ ቪትዝና ኮሮላ እያየ ያደገ ሰው «ሳብ ደግሞ ምንድን ናት?» ቢል አንፈርድበትም። ሳብ ማለት «የስዊድን አውሮፕላን አክሲዮን ማኅበር» የሚለው የስዊድንኛ ስም ሲያጥር ነው። በእኛ አፍ ሲጠራ ግን ትእዛዝ ይመስላል፤ ሳብ! የሚገርመው፣ ስሙ ልክክ ብሎላታል። በዘመኗ የነበሩት አብዛኞቹ መኪኖች በኋላ ጎማቸው ሲገፉ፣ እሷ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ በፊት ጎማዋ ነበር የምትሳበው።

ኩባንያው በ1937 የተቋቋመው ለስዊድን አየር ኃይል አውሮፕላን ሊሠራ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የአውሮፕላን ትእዛዝ እንደሚቀንስ አለቆቹ ገባቸው። «ታዲያ ምን እንሥራ?» ተባለ፤ «መኪና!» ተባለ። ጉናር ዩንግስትሮም በሚባል መሐንዲስ የሚመራ፣ አሥራ ስድስት ሰው የሚያህል ቡድን ተሰባሰበ። መልኳን የሣለው ሲክስተን ሳሶን ነው። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ መንጃ ፈቃድ የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለዳል። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ሰዎቹ የሚያውቁት አውሮፕላን ነው። መኪና ሠርተው ስለማያውቁ «መኪና እንዲህ ነው መሆን ያለበት» የሚል ሸክም አልነበረባቸውም።

በ1946 ያለቀችው የመጀመሪያዋ ናሙና ጎማ የተገጠመላት የአውሮፕላን ክንፍ ትመስላለች። በዲሴምበር 1949 «ሳብ 92» ተብላ መመረት ስትጀምር ሞተሯ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ጉልበቷ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ እንደ ድሮ ቬስፓ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅላ የምታቃጥል፣ ከኋላዋም ጭስ የምትለቅ ነበረች። ቀለሟ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከውጭ የሚከፈት ክዳን እንኳ አልነበረውም፤ ሻንጣ ማስገባት የፈለገ ሰው በኋላ ወንበሩ በኩል ነው የሚያስገባው። ነፋስ ስትሰነጥቅ ግን ማን ይቻላት! ነፋስ መኪናን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ቁጥሯ 0.30 ገደማ ነበር። ዛሬም ቢሆን ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከዚህ ቁጥር ብዙ አልራቁም።

«ታዲያ ይቺ መኪና ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» ለሚል አንባቢም መልስ አለን። ሳብ ወደ አገራችን ቀድማ የመጣችው በአውሮፕላንነቷ ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባለው ስዊድናዊ በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ያገለገለ ሰው ነው። በ1945 ተመልሶ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ማደራጀት ሲጀምር፣ ለማሠልጠኛ ሳብ ሳፊር፣ ለውጊያ ደግሞ ሳብ 17 አውሮፕላኖች ከስዊድን መጡ። በ1947 ራሱ ፎን ሮዘን አንዲት ሳፊር ከስቶክሆልም አስነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ አላረፈም። (ሕይወቱ ያለፈውም በ1977 እዚሁ እኛ አገር፣ ጎዴ ላይ ነው።) ልብ በሉ! ያኔ የሳብ መኪና ገና ገበያ ላይ አልወጣችም። ስዊድናዊው የሳብን መኪና መሪ ከመጨበጡ በፊት ቢሾፍቱ ላይ የሳብ አውሮፕላን ይበር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከለቅሶው ጥቂት ለእኛም ይደርሰናል።

ቁልፉ ለምን መሀል ላይ ሆነ?

ሳብን የሚያውቋት ሰዎች ስለ አመሏ አውርተው አይጠግቡም። እንግዳ መኪና ናት። ነገር ግን እንግድነቷ ለታይታ የተደረገ አልነበረም። «ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?» የሚያሰኘው እያንዳንዱ ነገሯ ከኋላው «ምክንያቱም…» ብሎ የሚጀምር መልስ ነበረው።

ቁልፉን እንውሰድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በወጣችው ሳብ 99 ላይ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ መሪው ሥር አታገኙትም። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል፣ ማርሹ አጠገብ ነው። ለምን? አደጋ ሲደርስ የሹፌሩ ጉልበት መሪው ሥር ካለው ቁልፍ ጋር ተጋጭቶ እንዳይጎዳ ነው። በዚያ ላይ ቁልፉን ለመንቀል መጀመሪያ የኋላ ማርሽ ማስገባት ግድ ነው፤ ቁልፉ ሲወጣ ማርሹ እዚያው ይቆለፋል። ሌባ ቢገባ እንኳ የሚሄድበት የለውም።

ይቀጥላል። በ1970 የፊት መብራቷ የራሱ መጥረጊያ ተገጠመለት፤ በስዊድን ክረምት መብራት በበረዶና በጭቃ ይሸፈናላ! በ1971 የሚሞቅ የሹፌር ወንበር መጣ። በዚያው ዓመት ቀስ ብሎ ሲገጭ ገባ ብሎ መልሶ ወደ ቦታው የሚመለስ ፓራውልት መጣ። በ1977 ደግሞ ቱርቦ መጣ። እስከዚያ ድረስ ቱርቦ ማለት የውድድርና የስፖርት መኪና ነገር ነበር። የሳብ መሐንዲሶች ግን ትንሽ ሞተር ሲያስፈልግ ብቻ የትልቅ ሞተር ሥራ ቢሠራስ ብለው አሰቡና ልጆች ተጭነው ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መኪና ላይ ገጠሙት። ዛሬ ገበያ ላይ ከሚወጡት አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች ብዙዎቹ ቱርቦ ያላቸው ናቸው። መንገዱን ለቤተሰብ መኪና ካስያዙት አንዷ ሳብ ናት።

በ1990ዎቹ ደግሞ አንዲት ቁልፍ መጣች። ሌሊት ሲነዱ ትጫናለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ይጠፋና የፍጥነት መለኪያው ብቻ በርቶ ይቀራል። ሌላ ነገር ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሲያልቅ የሚመለከተው መብራት ራሱ ይበራል። አብራሪ በጨለማ ሲበር ዓይኑ በማያስፈልግ ብርሃን እንዳይደክም የሚለው የአውሮፕላን ሰዎች ሐሳብ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶም ከዚያ ፋብሪካ አልወጣም ነበር።

ደግሞ ደካማ እንዳትመስላችሁ። ኤሪክ ካርልሶን የሚባለው ሰውዬ ከአንድ ሊትር ባነሰች ሞተር፣ ጭሷን እያቦነነች በምትሄደው ሳብ 96፣ የእንግሊዙን አርኤሲ ራሊ ከ1960 እስከ 1962 ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሞንቴ ካርሎን ደግሞ በ1962 እና በ1963 አሸንፏል። መኪናውን እየገለበጠ ስለሚታወቅ ስዊድኖች ያወጡለት ቅጽል ስም «በጣራው ላይ» የሚል ነበር። ተገልብጦም ያሸንፋል!

እንዲህ ያለች መኪና ወዳጅ አታጣም፤ አላጣችምም። አሜሪካ ውስጥ «የፕሮፌሰሮች መኪና» ትባል ነበር። ደራሲው ከርት ቮኔገት በ1950ዎቹ መጨረሻ ኬፕ ኮድ ላይ የሳብ መሸጫ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ሱቁ ግን አልሰነበተም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ሰው ይወዳታል፤ ሱቁ ግን ይዘጋል።

ጋብቻው

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳብ ገንዘብ አጠራት። አዲስ መኪና ለመንደፍ የሚጠይቀው ወጪ በየጊዜው ይንራል፤ እሷ የምትሸጠው ግን በዓመት ከመቶ ሺህ ብዙም ፈቀቅ ያላለ ነው። በ1989 መጨረሻ ጄኔራል ሞተርስ መጣ። ፎርድ ጃጓርን የወሰደበት ሰሞን ነበርና የአውሮፓ ስም ቸኩሎ ይፈልግ ነበር። በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ግማሹን ድርሻ ያዘ፤ በ2000 የቀረውንም ጠቀለለ።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። ጄኔራል ሞተርስ የገዛው ምንድን ነው? ፋብሪካ? ፋብሪካ ሞልቶታል። ሞተር? ሞልቶታል። ነጋዴ? በየአገሩ አለው። ያልነበረው ሳብ የነበራት ነገር ነው፤ ለየት ማለት። ታዲያ ከገዛ በኋላ ምን አደረገ? የገዛውን ነገር አንድ በአንድ ይላጨው ጀመር!

በ1993 አዲሷ ሳብ 900 ወጣች። ከሥር ያለው አጽሟ የጀርመኑ ኦፔል ቬክትራ ነበር። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ወጪ ለመቆጠብ ሁሉም ያደርገዋል። በ2004 ግን 9-2ኤክስ የምትባል ሳብ አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣች። ጃፓን ውስጥ የተሠራች ሱባሩ ኢምፕሬዛ ናት፤ አፍንጫዋና ስሟ ብቻ ተቀይሯል። አሜሪካኖቹም ምን ይሳናቸው፣ «ሳባሩ» አሏት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 9-7ኤክስ መጣች። እሷ ኦሃዮ ውስጥ ከሸቭሮሌት ትሬይልብሌዘር ጋር የተሠራች ግዙፍ መኪና ናት። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይሄ ነው።

የሚያሳዝነውን እንንገራችሁ? የ9-7ኤክስ ቁልፍ መሀል ላይ ነበር። እውነት! የሸቭሮሌቱን ቁልፍ ከመሪው ሥር ነቅለው ወንበሮቹ መሀል አስቀመጡት፤ «ሳብ» እንድትመስል። ወደ አርባ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት የሹፌር ጉልበት ለማዳን የተፈጠረ ሐሳብ፣ በመጨረሻ የሌላ መኪና ጭንብል ሆነ። እኛ ሳብ ሞተች የምንለው ያኔ ነው። ምክንያቱ ሄዶ ምልክቱ ብቻ ሲቀር።

ጄኔራል ሞተርስ ያሰበው አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ነው። አዲሱ ደንበኛ «ሸቭሮሌት ከፈለግሁ ሸቭሮሌት እገዛለሁ» ብሎ ሄደ። የድሮው ደንበኛ «ይቺማ የእኔ ሳብ አይደለችም» ብሎ አሮጌውን እያስጠገነ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

ፍርዳችን ሚዛን እንዳይስት ግን የሌላውንም ወገን እንስማ። ጄኔራል ሞተርስ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኪሱ አውጥቶ አኑሯታል፤ በእነዚያ ዓመታት ሳብ ባብዛኛው ኪሳራ እንጂ ትርፍ አላስገባችም። በ1997 የወጣችው 9-5፣ ከኋላ ሲገጩ አንገት እንዳይቀጭ ወደ ፊት የሚጠጋ የራስ መደገፊያ ይዛ የመጣችው በእሱ ጊዜ ነው። ትሮልሃታን ያሉት መሐንዲሶችም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ከኦፔል ጋር የሚጋሩት ዕቃ ሲላክላቸው «ይሄማ አይሆንም» እያሉ እንደገና ይሠሩት ስለነበር የታሰበው ቁጠባ ሁሉ በነነ ይባላል። በ2006፣ ብዙ በሸጠችበት ዓመቷ፣ ሳብ የሸጠችው ከ130 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ መኪና ነው። በዚያው ዓመት ቢኤምደብሊው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጧል። የሒሳብ ሠራተኛ ብንሆን እኛም እንቅልፍ አይወስደንም ነበር።

ግን እኮ መልሱ ከዚያ በኋላ የተደረገው አልነበረም። አንድ ዕቃ የሚሸጠው በልዩነቱ ብቻ ከሆነ፣ ልዩነቱን መቀነስ ወጪ መቀነስ አይባልም። ዕቃውን ራሱን መቀነስ ነው።

ጅብ ከሄደ…

በ2008 የዓለም ገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ሊወድቅ ተንገዳገደ። በፌብሩዋሪ 2009 ሳብ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባች። ኮኒግሴግ የሚባለው የስዊድን ትንሽ የስፖርት መኪና አምራች እገዛታለሁ ብሎ በኖቬምበር ትቶ ሄደ። በዲሴምበር ጄኔራል ሞተርስ «እንግዲህ እዘጋታለሁ» አለ። የአሮጌዎቹ የ9-3 እና የ9-5 ንድፍም ለቻይናው ባይክ ተሸጠ።

ይሄኔ ነው ወዳጆቿ የተነሡት። በጃንዋሪ 2010 በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የሳብ ባለቤቶች መኪኖቻቸውን እያሰለፉ «ሳብን አድኑ!» እያሉ ወጡ። ትሮልሃታን ላይ በዚያ ብርድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳቦች ፋብሪካው ደጅ ተሰለፉ። ለሌላ የመኪና ስም እንዲህ የተወጣበትን ጊዜ እስቲ አስታውሱን። ለኦልድስሞቢል? ለሮቨር? እንዲህ አልተለቀሰም።

ምስሉ ግሩም ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከተሰለፉት መኪኖች ስንቶቹ አዲስ ናቸው? ሰልፉን ያደመቁት የ1970ዎቹ 99፣ የ1980ዎቹ 900፣ ከዚያም በላይ ያረጁት ናቸው። ከሁለተኛ፣ ከሦስተኛ እጅ የተገዙ ናቸው። ከአሮጌ ሳብ ሽያጭ ፋብሪካው ቤሳ አያገኝም። በአዲስ ዋጋ አዲስ ሳብ የሚገዛ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰልፉ ራሱ አያስፈልግም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። ያሉት ነገር ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው ያለፈው።

ሰልፉ ግን ጥቂት ዕድሜ ገዛላት። በፌብሩዋሪ 2010 በዓመት ጥቂት ደርዘን የስፖርት መኪና የሚሠራው የኔዘርላንዱ ስፓይከር፣ በአለቃው በቪክቶር ሙለር ድፍረት፣ በ74 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን ገዛት። ትንሿ ትልቋን ዋጠች። ገንዘቡ ግን አልበቃም። በኤፕሪል 2011 ዕቃ አቅራቢዎች ሒሳባችን ካልተከፈለ አናቀርብም አሉ፤ ማምረቻው ቆመ። በጁን ለሠራተኛው የሚከፈል ደመወዝ ታጣ።

እዚህ ላይ ስለ መኪና ማውራታችንን እናቁም። ትሮልሃታን ከሃምሳ ሺህ ብዙ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆነው የሳብ ሠራተኛ ያን በጋ «ዛሬ ይከፈላል፣ ነገ ይከፈላል» እየተባለ አሳለፈ። ማኅበሮቻቸው፣ መንግሥት ለከሰረ ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጠው የደመወዝ ዋስትና እንዲደርሳቸው ብለው፣ የገዛ ፋብሪካቸው ከስሯል ተብሎ እንዲታወጅ እስከ ማመልከት ደረሱ። አባት እናት ልጅ እዚያው ፋብሪካ በሠሩበት ከተማ ይህን ማመልከቻ መፈረም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሙለር ወደ ቻይና ኩባንያዎች ሮጠ። ጄኔራል ሞተርስ ግን በመኪኖቹ ውስጥ ያለው ቴክኖሎጂ የእኔ ነው፣ ቻይና ውስጥ ለሚፎካከረኝ አልሰጥም አለ። ከዚያ ዲሴምበር 19 መጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእዝን ታሪክ ነው። ኔቭስ የተባለ ኩባንያ በ2012 ንብረቱን ገዛ፤ ጥቂት 9-3 ሠራ፤ በ2014 የሳብን ስም የመጠቀም ፈቃዱን አጣ፤ በ2023 ከጥቂቶች በቀር ሠራተኞቹን አሰናበተ። አውሮፕላን የሚሠራው ሳብ ግን እንዳለ አለ፤ ግሪፐን የሚባለውን የጦር ጄት ይሠራል። ክንፉ ተርፎ ጎማው ነው የቀረው።

ጎረቤቷን እዩ

«ትንሽ ነበረች፤ ትንሽ በዚህ ዓለም አይኖርም» የሚሉ አሉ። የዕድል ጉዳይ ነው ይላሉ። እኛ ደግሞ ጎረቤቷን እንዲያዩ እንጠይቃቸዋለን።

ከትሮልሃታን ብዙ የማይርቀው ጎተንበርግ የቮልቮ ከተማ ነው። ቮልቮንም አሜሪካዊ ገዛው፤ ፎርድ፣ በ1999። ፎርድም በቀውሱ ጊዜ መሸጥ ነበረበት። በ2010 የገዛው ጂሊ የሚባል፣ ያኔ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው የቻይና ኩባንያ ነው። ሁሉም «አለቀለት» አለ። ጂሊ ግን ገንዘብ አቀረበ፤ መንደፉን እዚያው ስዊድን ውስጥ ለቮልቮ ሰዎች ተወ። ቮልቮ የራሱን ሻንሲ፣ የራሱን ሞተር ሠራ። በ2023 ከ700 ሺህ በላይ መኪና ሸጠ።

እርግጥ ቮልቮ ድሮም ከሳብ ይበልጥ ነበር፤ እኩል አልተነሡም። ልዩነቱ ግን ገዢው ምን እንደገዛ ማወቁ ላይ ነው። አንዱ ገዢ «ራስህን ሁን፣ እኔ እከፍላለሁ» አለ። ሌላው «እኔን ሁኚ፣ ይቀንስልኛል» አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክስ በድፍረት እናቀርባለን፤ ሳብን የገደላት ትንሽነቷ ሳይሆን ሌላ እንድትመስል መደረጓ ነው።

እኛስ?

ሁለተኛውን ክስ የምናቀርበው በወዳጆቿ ላይ ነው። ይሄኛው ለእኛም ይተርፋል።

አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «መለዋወጫ አለው ወይ?» እና «ሲሸጥ ያወጣል ወይ?»። ልክ ነው፤ በዚህ ኑሮ ማን ይፈርዳል? ግን ሁላችንም በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ስንገዛ ጎዳናው አንድ ዓይነት መኪና ይሆናል። ከዚያ ደግሞ «ምነው ሁሉም አንድ ሆነ!» ብለን እናማርራለን። የአሜሪካና የአውሮፓው የሳብ ወዳጅም ከዚህ አልተለየም። ሳብን እያደነቀ ጀርመን መኪና ገዛ። «ሳብማ ልዩ ናት» እያለ የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ «መሸጫ ዋጋዋ ይወድቃል» አለ።

በሙያችን የምናውቀውን ምሳሌ እንጨምር። በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ እንደ ዛሬ ብርቅ አልነበረም። መንገድ ዳር ተቀምጦ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነገር ነበር። አንዷ ቅጂ ለብዙ ሰው ትዞራለች፤ አሳታሚው የሚያገኘው የአንዷን ዋጋ ነው። አንባቢው ድሃ ስለሆነ አይወቀስም፤ ብዙዎቻችንም ማንበብ የለመድነው እንደዚያ ነው። ጋዜጦቹ የተዘጉበት ምክንያትም ብዙ ነው፤ ሁሉም ከገንዘብ ጋር አይያያዝም። ግን አንዱ ይሄ ነው። ይወደዱ ነበር፤ አይገዙም ነበር።

መወደድና መገዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምንወደው መጻሕፍት ቤት፣ የምንወደው ሲኒማ ቤት፣ የምንወደው የሸክላ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ፎቶውን ለጥፈን «ወይኔ!» እንላለን። ለመጨረሻ ጊዜ ገንዘብ ከፍለን የወጣነው መቼ ነው ቢባል ስንቶቻችን ቀኑን እናስታውሳለን?

በ2021 «ድራይቭ ማይ ካር» የሚባል የጃፓን ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ርዩሱኬ ሃማጉቺ ነው፤ በሃሩኪ ሙራካሚ አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ያለችው ሳብ ቢጫ ናት፤ በፊልሙ ቀይ ሳብ 900 ቱርቦ ሆነች። ሁለት ሐዘንተኛ ሰዎች የሚነጋገሩት እዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው። ፊልሙ በ2022 የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር ወሰደ፤ የዓለም ሰው እንደገና በሳብ ፍቅር ወደቀ። ከሲኒማ ቤቱ ወጥቶ «እኔም አዲስ ልግዛ» የሚል ሰው ግን የሚሄድበት ቦታ የለም። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥር ዓመት አልፎታል። ትሮልሃታን ያለው ሙዚየም ክፍት ነው፤ እዚያ መጎብኘት ይቻላል። መግዛት ግን አይቻልም።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ናት። እናንተም እኛም የምንወደው፣ ለየት ያለ፣ ትንሽ አመለኛ የሆነ ነገር አይጠፋንም። ካፌ ይሁን፣ መጽሔት ይሁን፣ ጓደኛ የከፈተው ልብስ ስፌት ይሁን። ሰልፍ እስኪጠራለት አንጠብቅ። ዛሬ ሄደን እንግዛው፤ ፍቅራችንን በደረሰኝ እናሳየው። ሌላ እንዲመስል ሲያባብሉትም «ተው፣ እንዲሁ ነው የምንፈልገው» እንበልለት።

ሳብ ማለት በአማርኛ ወደ ራስህ አምጣ ማለት ነው። ስሟን እየጠሩ የተሰለፉት ሁሉ ከብዙ ዓመት በፊት አንዳንድ አዲስ ሳብ ወደ ቤታቸው ስበው ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር።

ቸር እንሰንብት!